ሲግናል ሞልቶ ጥሪው ለምን ይቆረጣል?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «26 ዓመቴ ነው፤ አዳማ እየኖርኩ አዲስ አበባ እሠራለሁ። ሳምንት አምስት ቀን በሠራተኛ ሰርቪስ፣ በፈጣን መንገዱ እመላለሳለሁ። ጠዋት ጠዋት በስልኬ ዳታ የቡድን ስብሰባ እገባለሁ። ሁሌ እዚያው ሁለት ቦታ ላይ ስደርስ ድምፁ መጀመሪያ እንደ ሮቦት ይንተባተባል፣ ከዚያ ይቆረጣል። ስልኩ ግን ሦስት አራት መስመር ሲግናል ያሳያል። ስልክ ቀየርኩ፣ ሲም ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቤቴ ቁጭ ብዬ አንድም ቀን አልተቆረጠብኝም። ቢሮ በር ላይ ስደርስ ደግሞ ዋይፋይ ሲይዝ ስብሰባው እንደገና ይወድቃል። ችግሩ ከስልኬ ነው ከኔትወርኩ? እኔስ ማድረግ የምችለው ነገር አለ?»

ዕድሜህን ስለነገርከኝ «አንተ» እያልኩ ልቀጥል፣ አትቀየመኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ስልክህ ጤነኛ ነው፣ ሲምህም ምንም አልሆነ። ጥሪው የሚቆረጠው ከአንዱ ሴል ወደ ሌላው ስትሻገር ኔትወርኩ የሚያሻግርህ ዘግይቶ ስለሆነ ነው። ሴል የምለው አንድን የታወር አንቴናና የሚሸፍነውን አካባቢ ነው። ይህን ሳላየው በድፍረት የምናገረው ራስህ ከጻፍካቸው ሦስት ነገሮች ተነስቼ ነው፤ ሁሌ ያው ቦታ መሆኑ፣ መስመሮቹ ሙሉ መሆናቸው፣ ከመቆረጡ በፊት ድምፁ መንተባተቡ። የተበላሸ ስልክ ቦታ አይመርጥም፤ ዛሬ ሞጆ ላይ፣ ነገ ሳሎንህ ውስጥ ያበሳጭህ ነበር። ቦታ የሚመርጥ ችግር የመንገዱና የታወሮቹ ነው።

ስለ መስመሮቹ መጀመሪያ ላስረዳህ፣ ሰውን ሁሉ የሚያሳስቱት እነሱ ናቸውና። ስልኩ አናት ላይ የምታያቸው መስመሮች በመሠረቱ የሚነግሩህ ከታወሩ የሚመጣው ሞገድ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ነው፤ ስለ ጥራቱ እምብዛም አይነግሩህም። 4ጂ ላይ ጎረቤታሞች ሴሎች አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ የአንዱ ንግግር ለሌላው ጫጫታ ነው። ሁለት ሴሎች የሚገናኙበት ድንበር ላይ ስትሆን ሁለቱም እኩል ይጮሁብሃል። ሠርግ ቤት መሃል ቆመህ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ጆሮህ በአንድ ጊዜ ሲያወራህ አስበው፤ ድምፅ ሞልቷል፣ የሚጨበጥ ቃል ግን የለም። መስመሮቹ የቆጠሩት የድምፁን ብዛት ነው።

ደግሞም የሚቆጥሩት ከታወሩ ወደ አንተ የሚመጣውን ብቻ ነው። ታወሩ በአስር በሚቆጠር ዋት ይናገራል፤ ስልክህ ግን 4ጂ ላይ ቢበዛ ቢበዛ 200 ሚሊ ዋት ነው አቅሙ። እሱ በድምፅ ማጉያ፣ አንተ በሹክሹክታ። አንተ እሱን ጥርት አድርገህ እየሰማኸው እሱ አንተን ጨርሶ ላይሰማህ ይችላል፤ የሰርቪሱ ቆርቆሮና መስታወት ከሹክሹክታህ ላይ ሲቀንሱበት ደግሞ ይብሳል። ይህን ያዝልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን መሻገሪያውን፣ እኛ በሥራ ላይ ሃንድኦቨር የምንለውን፣ ቀረብ ብለን እንየው። ስልክህ ሥራ ፈትቶ ኪስህ ውስጥ ሲቀመጥ የትኛው ሴል ላይ እንደሚያርፍ ራሱ ይመርጣል። ጥሪ ወይም ዳታ ላይ ሲሆን ግን ምርጫው ከእጁ ይወጣል፤ እሱ ይለካል፣ ያለህበት ሴል ይወስናል። ስልኩ በዙሪያው የሚሰማቸውን ሴሎች ያለማቋረጥ ሲለካ ይቆያል። አንዱ ጎረቤት አሁን ካለህበት ሴል በተወሰነ መጠን፣ ለምሳሌ በ3 ዲቢ (ዴሲቤል፣ የሲግናል ጉልበት ልዩነት መለኪያ)፣ በልጦ ከተገኘና ብልጫው ለተወሰነ ጊዜ ከጸና፣ «እከሌ በልጧል» የሚል ሪፖርት ይልካል። ያለህበት ሴል ለጎረቤቱ «እንግዳ ልልክብህ ነው፣ ቦታ አዘጋጅለት» ይለዋል። ጎረቤቱ እሺ ሲል ወደ ስልክህ «ሂድ» የሚል ትእዛዝ ይመጣል። ስልኩም አሮጌውን ይለቅና አዲሱን ይይዛል።

ይለቅና ይይዛል ነው ያልኩት። 3ጂ ላይ የድምፅ ጥሪ እንዲህ አልነበረም፤ ሳይለቅ ይይዝ ነበር፣ ሁለት ሦስት ሴል በአንድ ጊዜ። ያን የሚያስተባብረው በታወሮቹ መሃል የተቀመጠ ተቆጣጣሪ ነበር፤ 4ጂ ሲነደፍ ተቆጣጣሪው ቀረ፣ አሠራሩም አብሮ ቀረ። የዱላ ቅብብል ሩጫ አይተህ ከሆነ፣ 3ጂ ላይ ሁለቱ ሯጮች ዱላውን አብረው ጨብጠው ጥቂት ይሮጣሉ። 4ጂ ላይ የፊተኛው ይለቃል፣ ዱላው ለቅጽበት አየር ላይ ይቆያል፣ የኋለኛው ይቀልባል።

ቅጽበቷ ሁሉ ነገር በሰላም ካለቀ 50 ሚሊ ሰከንድ አካባቢ ናት። ድምፅህ በየ20 ሚሊ ሰከንዱ እየተቆራረሰ በፓኬት ነው የሚላከው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስት ፓኬት ቢዘገይ ነው። አሮጌው ሴል በእጁ የቀረውን ለአዲሱ ያስተላልፍለታል፣ የስብሰባው መተግበሪያም ለእንዲህ ያለ ጊዜ የምትሆን ትንሽ ስንቅ ይዞ ነው የሚጫወተው። ጆሮህ አያውቀውም። ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ እስክትደርስ በየቀኑ ብዙ ጊዜ ትሻገራለህ፤ የምታማርረው ግን ስለ ሁለቱ ብቻ ነው። የተቀሩት ሳትሰማቸው አልፈዋል። መሻገር በራሱ አይቆርጥህም፤ የሚቆርጥህ ሳይሻገሩ መቅረት ነው።

ለምን ይቀራል? ቅድም ያልኩትን ቅደም ተከተል ደግመህ ተመልከት። «እከሌ በልጧል» የሚለው ሪፖርት የሚሄደው በአሮጌው ሴል በኩል ነው። «ሂድ» የሚለው ትእዛዝም የሚመጣው በአሮጌው ሴል በኩል ነው፤ ማለትም እየሞተ ባለው በኩል። ኑዛዜ የሚነገረው ምላስ ከተሳሰረ በኋላ ከሆነ ማን ይሰማዋል? እኛ የምንፈልገው አሮጌው ሴል አፉ ሳይያዝ ትእዛዙን እንዲሰጥ ነው። ሪፖርቱ ደግሞ የሚሄደው በዚያ በ200 ሚሊ ዋት ሹክሹክታ ነው። አሮጌው ሴል አንተን መስማት ካቆመ፣ አንተ እሱን ብትሰማውም ዋጋ የለውም፤ ጎረቤት መኖሩን ማንም አልነገረውምና አያሻግርህም። ሙሉ መስመር እያየህ የምትቆረጠው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሒሳቡን እንሥራው። ሰርቪሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ቢነዳ በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ስልኩ ልኬቱን አማካይ ለማውጣት ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ይወስድበታል። ብልጫው እንዲጸና የሚጠበቅበት ጊዜ ኔትወርኩ ላይ የሚሞላ ቁጥር ነው፤ 320 ሊሆን ይችላል፣ 640ም የተለመደ ነው። 640 እንበል። ሪፖርቱ፣ የሁለቱ ሳይቶች (ታወሮቹ የቆሙባቸው ጣቢያዎች) ንግግርና ትእዛዙ ሌላ 100 እና ከዚያ በላይ ይጨምራሉ። ሲደመር ወደ አንድ ሰከንድ ይጠጋል። ጎረቤቱ ከበለጠ በኋላ 28 ሜትር ሄደሃል ማለት ነው።

28 ሜትር ሜዳ ላይ ምንም አይደለም። ሴሉ ኪሎ ሜትሮችን የሚሸፍን ከሆነ ሲግናሉ በ28 ሜትር ውስጥ ያን ያህል አይወርድም፤ በዚህ የተነሳ «ፍጥነት ነው ችግሩ» የሚሉ ሰዎች ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቁት። ፍጥነት የሚገድለው ከመሬቱ ጋር ሲተባበር ነው። መንገዱ ኮረብታ ሰንጥቆ በሚያልፍበት፣ ድልድይ ሥር በሚገባበት፣ ወይም ድንገት በሚታጠፍበት ቦታ አሮጌው ሴል በጥቂት አስር ሜትሮች ውስጥ 20 ዲቢ ሊወድቅ ይችላል፤ 20 ዲቢ ማለት ጉልበቱ አንድ መቶኛ ሆነ ማለት ነው። እዚያ ላይ 28 ሜትር ሙሉ ዕድሜ ነው። በእግሩ የሚሄድ ሰው ያንኑ ቦታ በሰላም ይሻገረዋል፤ በመኪና የሚያልፈው ይወድቃል። ሁለቱን ቦታዎችህን መስኮት ከፍተህ እያቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ቦታ ላይ የተቆረጠ ኮረብታ ወይም የመንገድ ድልድይ ብታገኝ አይገርመኝም።

ከዚያ የሚሆነውን ጆሮህ ያውቀዋል። ፓኬቶች ይበላሻሉ፣ እንደገና ይላካሉ፣ ይዘገያሉ፤ ያ የሮቦቱ ድምፅ ነው። ስልኩ ሴሉን መከተል ሲያቅተው ሰዓት መቁጠር ይጀምራል፤ ይህም የሚሞላ ቁጥር ነው፣ ብዙ ቦታ 1,000 ሚሊ ሰከንድ ይደረጋል። ሰዓቱ ሲያልቅ «ግንኙነቴ ሞቷል» ብሎ ያውጅና በራሱ የተሻለውን ሴል ፈልጎ «እኔ እከሌ ነኝ፣ ተቀበሉኝ» ይላል። ያኛው ሴል ቀድሞ ተነግሮት ከሆነ ይቀበለዋል፣ አንድ ሁለት ሰከንድ ተንተባትቦ ይቀጥላል። ካልተነገረው «አላውቅህም» ይለዋል። ስልኩ ከዜሮ ይጀምራል፣ ስብሰባህ ግን አልቋል።

ለምን ካልተነገረው? የዘገየ ትእዛዝ አንዱ ነው። ሌላው፣ በእኔ ልምድ ሰው ከሚያስበው በላይ የሚያጋጥመው፣ ሁለቱ ሴሎች ጨርሶ አለመተዋወቃቸው ነው።

ከዓመታት በፊት ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ቁልቁል እየወረድን ድራይቭ ቴስት እንሠራ ነበር። ድራይቭ ቴስት ማለት መኪና ውስጥ ላፕቶፕና ጥቂት ስልኮች ደቅኖ ያለማቋረጥ እየደወሉ መንገዱን መለካት ነው፤ ሹፌሩን ቀስ በልልን እያልክ ትለምነዋለህ፣ እሱ ደግሞ በልቡ ይረግምሃል። አንድ ጠመዝማዛ ላይ ስንደርስ ስክሪኑ ላይ ያለንበት ሴል −117 ዲቢኤም ላይ ወርዷል፣ ከሥሩ ግን ሌላ ሴል −91 ላይ ቁጭ ብሏል። ዲቢኤም የሲግናል ጉልበት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ጉልበቱ ይበረታል። የ26 ዲቢ ልዩነት፣ በጉልበት 400 እጥፍ ገደማ! ስልኩ በየሩብ ሰከንዱ ያንኑ ሪፖርት ይልካል፣ ይልካል፣ ይልካል። መልስ የለም። ከዚያ ጥሪው ወደቀ። መኪናውን አዙረን ወጣን፣ ደግመን ወረድን፤ እዚያው ቦታ፣ ያው ነገር።

−91 ላይ የነበረው ሴል ከማዶ፣ ከደጀን በኩል የሚመጣ ነበር። ካርታ ላይ ሁለቱ ሳይቶች ጎረቤት አይመስሉም፤ መሃላቸው ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቅ ገደል አለ። ስለዚህ ቢሮ ቁጭ ብሎ የጎረቤት ዝርዝር፣ ማለትም ሴሉ ሊያሻግርባቸው የሚችላቸውን ሴሎች ስም፣ የሞላው ባለሙያ አላካተተውም፤ ያለንበት ሴል ሪፖርቱን ቢያገኝም «ይሄን ስም አላውቀውም» ብሎ ይተወዋል። ለሞገድ ግን ገደል ባዶ አየር ነው። ከጀርባችን የነበረውን ሳይት የገደሉ አፋፍ ጋርዶታል፣ ማዶው ግን ፊት ለፊት ይታያል። ደጋ ያደገ ሰው ይህ አይገርመውም፤ ማዶ ለማዶ ተጠራርቶ ይነጋገራል፣ በእግር እንገናኝ ቢሉ ግን ግማሽ ቀን ነው። ያን ስም ዝርዝሩ ውስጥ ማስገባት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር። በማግስቱ ስንወርድ ጥሪው አለፈ።

የአንተ መንገድ ገደል ባይኖረውም ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከፍ ያለ ቦታ የቆመ ሴል ከታሰበለት ርቀት አልፎ ቆላው ውስጥ ይወርድና፣ ጎረቤቶቹ በማያውቁት መንገድ መሃል እንደ ደሴት ብቅ ይላል። ስልክህ ይይዘዋል፣ ከዚያ ወዴት እንደሚያሻግርህ የሚያውቅ የለም። መድኃኒቱ አንቴናውን በጥቂት ዲግሪ ወደ መሬት ማቀርቀር ነው። ፈጣን መንገዱ ከተሞቹን፣ ዱከምን፣ ቢሾፍቱን፣ ሞጆን በጎን እያለፈ መሄዱም የራሱ ነገር አለው፤ ለከተማ የታሰበ ሴል መንገዱን የሚነካው በጠርዙ ነው።

እርግጥ ነው፣ 4ጂ ከመጀመሪያው ጀምሮ ጎረቤትን በራሱ የሚያውቅበት መንገድ ተሰጥቶታል። ሴሉ የማያውቀው ቁጥር ሲነገረው ስልኩን «ሙሉ ስሙን አንብብልኝ» ብሎ ይጠይቅና ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባዋል። ሲበራ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንዳንዴ ጠፍቶ ይገኛል፣ አንዳንዴ ዝርዝሩ ሞልቶ አዲስ አይቀበልም። ደግሞ 4ጂ ላይ ለሴል የሚሰጠው አጭር መለያ ቁጥር 504 ብቻ ስለሆነ እየተደጋገመ ነው የሚታደለው። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት አበበ ሲኖር መምህሩ «አበበ ተነሳ» ቢል ማን ይነሳል? ትእዛዙ ወደ ሌላኛው አበበ ይሄዳል፣ አንተ ትወድቃለህ። 5ጂ ቁጥሩን ወደ 1,008 አሳድጎታል፤ ጣጣው ቀለለ እንጂ አልቀረም።

«ታዲያ የመጠበቂያውን ጊዜ አሳጥሮ ቶሎ ማሻገር አይሻልም?» ትል ይሆናል። እኔም ወጣት ሳለሁ እንዲሁ አስቤ ነበር። አንድ የመንገድ ዳር ሴል ላይ 640 የነበረውን 160 አደረግሁት። አውቶቡሶቹ ተረፉ። በሳምንቱ ግን ከዚያው አካባቢ፣ ሁለት ሴል የሚገናኝበት ድንበር ላይ ከነበረ ምግብ ቤት ቅሬታ መጣ፤ ቁጭ ብሎ ሽሮ የሚበላው ሰው ስልክ በሁለቱ ሴሎች መካከል እንደ ፒንግ ፖንግ ኳስ ይመላለስ ነበር። አስተናጋጇ ከፊቱ ስታልፍ አንዱ ሴል ይበልጣል፣ ስትመለስ ሌላው ይበልጣል። ዳታው ይንቀራፈፋል፣ ባትሪው ያልቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ይኸው ነው፤ አዲሱ ሴል ሳይጸና የተሻገረ ስልክ ማዶ ደርሶ ሊወድቅም ይችላል።

በኋላ ጊዜውን ወደ 480 መልሼ ሌላ ቁልፍ ነካሁ። የመጠበቂያው ጊዜ ከሴሉ ለሚወጣ ሁሉ አንድ ነው፤ ከዚህ ሌላ ግን ለአንድ ጎረቤት ብቻ የሚሰጥ ተጨማሪ ነጥብ አለ። ለዚያ ለመንገዱ ጎረቤት 3 ዲቢ ብልጫ ሰጠሁት። ይህ የሚያደርገው ድንበሩን መግፋት ነው፤ መሻገሪያው ከምግብ ቤቱ ተነስቶ ማንም ወደማይቀመጥበት የጤፍ ማሳ ዳር ሄደ፣ መኪኖቹም ኮረብታው ከመጋረዱ በፊት ይሻገሩ ጀመር። ለሁለቱም ሆነ። የዚህ ሥራ ጥበብ፣ ጥበብ ከተባለ፣ ከዚህ ብዙም አያልፍም፤ ለከተማው ሁሉ አንድ ቁጥር ሞልቶ መተኛት አይቻልም፣ ቦታውን ሄዶ ማየት ነው። አሁን አሁን ሴሎቹ ራሳቸው የወደቁ ጥሪዎችን እየቆጠሩ፣ «ዘግይቼ ነው፣ ቸኩዬ ነው፣ ወይስ ወደ ተሳሳተ ሴል ልኬ ነው» ብለው እየለዩ ነጥቡን የሚያስተካክሉበት አሠራር አለ። ይረዳል። ቢሆንም ምግብ ቤቱን አያየውም።

አዲሱ ነገር የት ደረሰ ካልክ፣ ከሁሉም ልቤን የሚሞላው እ.ኤ.አ. በ2020 በተጠናቀቀው የ3ጂፒፒ (የሞባይል ኔትወርክ ደረጃዎችን የሚያወጣው ዓለም አቀፍ ኅብረት) ደረጃ፣ ሪሊዝ 16 ውስጥ የገባው ባለ ቅድመ ሁኔታ ሃንድኦቨር ነው። ኑዛዜውን በጤና ሳሉ መጻፍ በለው። አሮጌው ሴል ገና ጉልበት እያለው ለስልኩ «እከሌ ይህን ያህል ከበለጠ ሳትጠይቀኝ ሂድ፣ ቦታ ተዘጋጅቶልሃል» ብሎ ትእዛዙን አስቀድሞ ያስይዘዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ስልኩ ራሱ ይሄዳል፤ የሚሞተውን ሴል መጠበቅ የለም። በዚያው ሪሊዝ አዲሱን እስኪይዝ አሮጌውን የማይለቅ አሠራርም ገብቷል፤ ዱላውን አብሮ መጨበጥ ተመለሰ ማለት ነው፣ የዳታው መቋረጥም ወደ ዜሮ ይወርዳል። ግን ሁለቱም ስልኩና ኔትወርኩ ካልደገፏቸው ወረቀት ላይ የሚቀሩ ናቸው፤ ለነገ ጠዋት ስብሰባህ አትቁጠራቸው። ፈጣን ባቡር ባላቸው አገሮች ደግሞ ሌላ ብልሃት አለ፤ በሐዲዱ ዳር የተደረደሩ ብዙ አንቴናዎችን አንድ ሴል አድርገው ያስራሉ፣ ባቡሩ ኪሎ ሜትሮችን ሳይሻገር ይሄዳል። ለፈጣን መንገድም ይሠራል፣ ገንዘቡ ካለ።

የቢሮው በር ጉዳይ ሌላ በሽታ ነው፣ ስሙም ሃንድኦቨር አይደለም። በመንገድህ ላይ ስንት ሴል ብትቀያይር ስልክህ የኢንተርኔት አድራሻውን አይለውጥም፤ አድራሻው የታሰረው ከታወሩ ጋር ሳይሆን ኋላ መሃል ላይ ካለ ማዕከል ጋር ነው። ዋይፋይ ሲይዝ ግን አድራሻው ይቀየራል። የቆየው የኢንተርኔት አሠራር አንድን ግንኙነት የሚያውቀው በሁለቱ ወገን አድራሻና የበር (ፖርት) ቁጥር ስለሆነ፣ አድራሻህ ሲቀየር ማዶ ያለው «ይሄ ሌላ ሰው ነው» ይልሃል። እ.ኤ.አ. በ2021 ደረጃ ሆኖ የወጣው ክዊክ የተባለው ፕሮቶኮል ግንኙነቱን በራሱ መለያ ስለሚያውቀው አድራሻ ቢቀየርም መቀጠል ይችላል፤ አፕል ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ለድምፅ ረዳቱ ለሲሪ በሁለት መንገድ በአንድ ጊዜ የሚሄድ ግንኙነት ሲጠቀም ነበር። የአንተ የስብሰባ መተግበሪያ ይህን የማያደርግ ይመስላል። ስለዚህ ስብሰባው እስኪያልቅ ዋይፋዩን አጥፋው፤ ሌላ ጥበብ አያስፈልገውም።

አንተ ማድረግ ወደምትችለው ልምጣ። ሁለቱ ቦታዎች ላይ ከመድረስህ በፊት ቪዲዮህን ዝጋ፤ የስልክህ ሹክሹክታ ለድምፁና ለዚያች ሪፖርት ይትረፍ። የስብሰባው መተግበሪያ በመደበኛ ስልክ ደውሎ መግባትን ከፈቀደና ስልክህ ላይ ቮልቲኢ (መደበኛውን ጥሪ በ4ጂ የሚያስኬደው አገልግሎት) ከበራ በዚያ ሞክረው፤ የቮልቲኢ ድምፅ ኔትወርኩ ላይ ቅድሚያ አለው፣ የመተግበሪያ ድምፅ ግን ቲክቶክ ከሚያየው ጎረቤትህ ጋር ነው የሚሰለፈው። አንዳንድ ሰው ስልኩን «4ጂ ብቻ» ላይ ይቆልፋል፤ ቦታህ ላይ የሚያጋጥምህ ወደ 3ጂ መውረድ ከሆነ ይረዳል፣ ቮልቲኢ ከሌለህ ግን የሚደውልልህ ሰው አያገኝህም። ሲግናል ማጉያ የሚባለውን ሳጥን አትግዛ፤ ጫጫታውንም አብሮ ያጎላዋል፣ ታወሩንም ያደነቁረዋል፣ ያለ ፈቃድ መትከሉም ያስጠይቃል።

ከሁሉ በላይ የሚጠቅምህ ግን በማስረጃ ማመልከት ነው። «ኔትወርክ አስቸገረኝ» ያልከው ቅሬታ ስልኩን ላነሳችው ልጅ ብቻ ነው የሚደርሰው፣ እሷም «ስልክዎን አጥፍተው ያብሩት» ትልሃለች፣ ምን ታድርግ። ቁጥር ያለው ቅሬታ ግን ኦፕቲማይዜሽን ክፍል፣ ኔትወርኩን የሚያስተካክሉት ባለሙያዎች ዘንድ፣ ይደርሳል። አይፎን ከሆነ *3001#12345#* ብለህ ስትደውል የተደበቀው የመለኪያ ገጽ ይከፈታል፤ ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ *#*#4636#*#* ይሠራል። እዚያ ውስጥ ያለህበትን ሴል ቁጥርና አርኤስአርፒ የሚባለውን የሲግናል ጉልበት ልኬት ታገኛለህ። −85 አካባቢ ከሆነ ሸጋ ነው፣ −105 መካከለኛ፣ ከ−115 በታች ሊሞት ነው። ከመቆረጡ በፊት የነበረውን ሴል ቁጥር፣ ከተመለሰ በኋላ የያዘውን ሴል ቁጥር፣ ሰዓቱንና በካርታ ላይ ያለውን ነጥብ ጻፍ። ሦስት ቀን ብትደጋግመው በቂ ነው። መቼም እየነዳህ ስላልሆነ አይከብድህም።

ደግሞ ማታ ስትመለስ ያን ቦታ ልብ በል። ጠዋት ስትሄድ እየተቆረጠ ማታ ስትመለስ እዚያው ላይ የማይቆረጥ ከሆነ፣ ከሁለተኛው ሴል ወደ አንደኛው የሚወስደው ጉርብትና ተመዝግቦ፣ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው የሚወስደው ተረስቶ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ የአንድ ወገን ጉርብትና በእጄ ብዙ አልፏል፣ ማስተካከሉም የደቂቃዎች ሥራ ነው። በሁለቱም አቅጣጫ የሚቆረጥ ከሆነ ግን መሬቱን ወይም የመጠበቂያውን ጊዜ እጠረጥራለሁ። የሁለቱን ቦታ ቁጥሮች፣ መሄጃውንና መመለሻውን ለይተህ ጻፍልኝ፤ ለቅሬታው የሚሆንህን ቃል አብረን እናስተካክለዋለን።